የእርዳታ ድርጅት ሥራ፣ ደመወዝና የቤት ሕይወት፦ ከመፈረም እስከ መልቀቅ

የሰብዓዊ እርዳታ ሥራ ከብዙ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ በዚህ ሥራ ላይ ስለ ክፍያና ስለ ዕረፍት መጠየቅ እንደ ነውር ይታያል። ድርቅ የመታው ቀበሌ የውኃ ቦቴ እየጠበቀ «የእሑዱ ትርፍ ሰዓቴስ?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሠራተኛ አፍ አይወጣም፤ አለቃውም ይህን ያውቃል። በዚህ ይሉኝታ የተነሳ ያልተከፈሉ ሰዓቶች ይጠራቀማሉ፣ የዓመት ፈቃድ ይቃጠላል፣ ልጆች አባታቸውን ወይም እናታቸውን በስልክ ብቻ ያውቃሉ።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ውስጥ በዓለም አቀፍ ወይም በአገር በቀል ድርጅት ለተቀጠረ ወይም ሊቀጠር ላሰበ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ሚዛኑ የሚበጀው ከመፈረም በፊት በወረቀት ላይ ነው እንጂ ከገቡ በኋላ በአለቃ በጎ ፈቃድ አይደለም። ስለዚህም የመጀመሪያዎቹ ሦስት እርምጃዎች በዋናነት ፊርማ ከማኖርዎ በፊት የሚሠሩ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ገንዘቡ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁ

የቅጥር ደብዳቤው የድርጅቱን ማኅተም ቢይዝም ደመወዙ የሚመጣው ከለጋሽ ነው፤ ለጋሹ እጁን ሲሰበስብ ማኅተሙ ብቻውን ደመወዝ አይከፍልም። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ ይህ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታየ፤ በየድርጅቱ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሰ፣ ጤና ሚኒስቴርም በዚያው ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ በሥራቸው የተመሰገኑ እንደነበሩ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የደመወዝ ምንጫቸው አንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ጥያቄ አለዎት?» ሲባሉ ይህን ዕድል ይጠቀሙበት። የሥራ መደቡን የሚከፍለው የትኛው ለጋሽ ነው? የገንዘብ ስምምነቱ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? ደመወዙ ከአንድ ፕሮጀክት ነው ወይስ ከሁለትና ከሦስት ተከፋፍሎ የሚመጣ? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አንድ ሠራተኛ 60 በመቶው ከአንዱ ለጋሽ፣ 40 በመቶው ከሌላው ለጋሽ እየተከፈለ ሊቀጠር ይችላል፤ ሁለተኛው ፕሮጀክት ቀድሞ ሲዘጋ ያንን 40 በመቶ ማን እንደሚሸፍነው በቅጥር ቀን ካልተጠየቀ፣ በመዝጊያው ሳምንት የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «እንይ» የሚል ነው።

የውሉ ዓይነትም በደንብ ይነበብ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መነሻው የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ መቁጠር ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ሥራ የሚደረግ ውል ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ የሚፈቀድ ልዩ ሁኔታ ነው። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ «የሙከራ ጊዜ ስድስት ወር» የሚል የቅጥር ደብዳቤ ካዩ በአክብሮት ይጠይቁ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ እጅዎ ላይ የሚገባውን ያስሉ

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ያልተጣራ ደመወዝ ነው። በ2017 ማብቂያ የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ያለውን የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ አድርጓል፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ግን 35 በመቶ ይከፈልበታል። በዘርፉ የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያ ደመወዝ አብዛኛው ክፍል የሚያርፈው በዚህ በመጨረሻው እርከን ላይ ነው።

የ60,000 ብር መነሻ ደመወዝ ይውሰዱ። ግብሩ 60,000 በ35 በመቶ ተባዝቶ 2,050 ብር ሲቀነስ 18,950 ብር ይሆናል። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ለጡረታ 7 በመቶ ስለሚያዋጣ 4,200 ብር ይቀነሳል። እጅ የሚገባው 36,850 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 6,600 ብር፣ በስምዎ ያስገባል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የክፍያው አወቃቀር ነው። አንዱ ድርጅት 60,000 ብር መነሻ ደመወዝ ይሰጣል፤ ሌላው 45,000 መነሻ ደመወዝና 15,000 ልዩ ልዩ አበል ብሎ ያቀርባል። በወሩ መጨረሻ ሁለተኛው የሚሻል ሊመስል ይችላል፤ የአስቸጋሪ ቦታ አበልና የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነው መጠን ከግብር ነፃ የሚሆኑበት አግባብ አለና። ነገር ግን የጡረታ መዋጮ የሚሰላው ከመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ከ15,000 ብሩ ላይ አሠሪው ሊከፍል ይችል የነበረው 1,650 ብር በየወሩ ይቀራል። የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰሉት በመነሻ ደመወዙ ነው፤ ከፊልድ (ከዋና ቢሮ ውጭ፣ እርዳታው ከሚሰጥበት አካባቢ) ወደ ዋና ቢሮ ሲዛወሩም አበሉ እዚያው ፊልድ ይቀራል። በእኔ እምነት ከአንድ ዓመት በላይ ለመቆየት የሚያስብ ሰው ሁልጊዜ መነሻ ደመወዝ ከፍ እንዲል መከራከር አለበት።

ድርጅቶቹም ለየቅል ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የራሳቸው የሠራተኛ ደንብ አላቸው፤ ለተወሰነ ጊዜ በሚደረግ መደበኛ ውል የተቀጠረ ሠራተኛ በወር 2.5 ቀን፣ በዓመት 30 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል፤ በአማካሪነት ውል የገባ ሰው ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ፈቃድም ጡረታም ላይኖረው ይችላል። ዓለም አቀፍ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ዝርዝር የሰው ሀብት መመሪያ አላቸው፤ መመሪያውን ከመፈረምዎ በፊት እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። በአገር በቀል ድርጅት ሥልጣንና ትምህርት ቶሎ ይገኛል፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው፣ በአንዱ ፕሮጀክት መዝጊያና በሌላው መክፈቻ መካከልም ደመወዝ የሌለባቸው ወራት ይከሰታሉ። ምክንያቱ ስስት አይደለም። ዋናው ተዋዋይ፣ ማለትም ገንዘቡን ከለጋሹ በቀጥታ የሚቀበለው ድርጅት፣ ለአገር በቀሉ አጋር ለአስተዳደር የሚሆን ገንዘብ ቆንጥሮ ስለሚሰጥ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም የድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ በቁጥሩ ሳይሆን በደረጃው ላይ ይደራደሩ

የሰው ሀብት ኃላፊዋ «ደመወዙ የተወሰነ ነው» ስትል ብዙ ጊዜ እውነቷን ነው፤ የተወሰነው ግን የደረጃው ወለልና ጣሪያ ነው። በመካከል እርከኖች አሉ። ስለዚህ «አምስት ሺህ ብር ይጨመርልኝ» ከማለት ይልቅ «የስምንት ዓመት ልምዴ በየትኛው እርከን ላይ ያስቀምጠኛል?» ብሎ መጠየቅ በር ይከፍታል፤ ይህን የመመለስ ሥልጣን እርሷ ራሷ አላትና።

ለነባር ሠራተኛ የተሻለው መከራከሪያ የምንዛሪው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲተው ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፕሮጀክቱ በጀት በዶላር የተያዘ፣ ደመወዙ ደግሞ በብር የሚከፈል ከሆነ ስሌቱ እንዲህ ነው። ቀድሞ 57,000 ብር ለመክፈል ድርጅቱ 1,000 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ዶላር 120 ብር ሲሆን ለዚያው 57,000 ብር የሚያወጣው 475 ዶላር ብቻ ነው። የቀረው 525 ዶላር በዚያው የበጀት መስመር ላይ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ድርጅት ለጋሹን አስፈቅዶ ወደ ሌላ ተግባር ያዞረዋል፣ አንዳንዱ ለሠራተኛው የኑሮ ውድነት ማካካሻ ያደርገዋል። ይህን ጥያቄ አንድ ሠራተኛ ብቻውን ከሚያነሳው ሠራተኞች በጋራ፣ በጽሑፍና ከበጀት ክለሳው ወር ቀደም ብለው ቢያቀርቡት የበለጠ ያስኬዳል፤ የበጀት ሰንጠረዡ ለለጋሽ ከተላከ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ለከርሞ ይቀጠራልና።

አራተኛ እርምጃ፦ ሰዓቱን ያስከብሩ

ይህ ዋናው ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለተሠራ በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። 60,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ደመወዙ በተለምዶ ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 288 ብር ገደማ ነው፤ እሑድ ለስድስት ሰዓት የእርዳታ እህል ስርጭት ላይ ከዋለ ወደ 3,460 ብር ይገባዋል። በፋሲካ ወይም በኢድ ቀን ከሆነ ከዚህም ይበልጣል።

በተግባር ይህ ገንዘብ የሚጠፋበት ቦታ ታይምሺት፣ ማለትም የተሠራው ሰዓት የሚሞላበት ቅጽ፣ ነው። ሠራተኛው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሠርቶ በቅጹ ላይ «8» ብሎ ይሞላል፤ ምክንያቱም የሒሳብ ክፍሉ «ለለጋሽ የሚሄድ ስለሆነ ከ8 በላይ አይቀበልም» ይላል። እንዲህ ሲሆን በለጋሹም በድርጅቱም መዝገብ ላይ ትርፍ ሰዓት የሚባል ነገር ተሠርቶ አያውቅም። መፍትሔው ትርፍ ሰዓቱን አለቃው አስቀድሞ በኢሜይል እንዲያዝ ማድረግ ነው፤ «ነገ ቅዳሜ ወደ ወረዳው እንድወጣ ባዘዙኝ መሠረት ሰባት ሰዓት እሠራለሁ፤ ክፍያ ነው ወይስ የማካካሻ ዕረፍት?» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ማካካሻ ዕረፍት ከሆነ እስከ መቼ መውሰድ እንዳለብዎ ይጻፍ፤ ብዙ መመሪያዎች በአንድ ወር ውስጥ ካልተወሰደ ይቃጠላል ይላሉና።

«አንተ እኮ ማናጀር ነህ፤ ትርፍ ሰዓት አይመለከትህም» የሚለው መልስ በዘርፉ በጣም የተለመደ ነው። አዋጁ ከሽፋኑ ውጭ ያደረገው «የሥራ መሪ»ን ነው፤ የሥራ መሪነት ደግሞ የሚለካው የአመራር ፖሊሲ በማውጣትና በማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ በመቅጠር፣ በማዛወር፣ በማገድና በማሰናበት ሥልጣን ነው። ሦስት ሰው የሚያስተባብርና አንድም ሰው የመቅጠር ሥልጣን የሌለው «ፕሮጀክት ማናጀር» በማዕረጉ ስም ብቻ የሥራ መሪ አይሆንም።

ሌላው ሰዓት የሚበላው የዋና መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ነው። ዋሽንግተን ላይ ቢሮ በጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፈት አዲስ አበባ ላይ እንደ ወራቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ሆኗል፤ እነርሱ «ማለዳ ላይ እንገናኝ» ሲሉ ለእርስዎ የእራት ሰዓት ነው። ስብሰባው እንዲቀር መጠየቅ አይጠበቅብዎም። ምሽት ላይ የተሠራው ሰዓት በማግሥቱ ጠዋት ዘግይቶ በመግባት እንዲካካስ ግን መጠየቅ ይቻላል፤ ጄኔቫ ወይም ናይሮቢ ላይ አለቃ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ችግር በአብዛኛው ነፃ ናቸው።

ፊልድ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ የድርጅቱ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የሚኖር ሠራተኛ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ከግቢ የማይወጣበት የሰዓት ገደብ ይጀምርበታል፣ የሬዲዮ ጥሪውን ይመልሳል፣ ከዚያም እራት ላይ ከአለቃው ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሽሮው ሳይነሳ የነገው ስርጭት ዝርዝር ይነሳል፣ ላፕቶፑ ወደ ገበታው ይመጣል። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚጠቅመው ልማድ ለሁሉም የሚሠራ ስምምነት ነው፤ ለምሳሌ በእራት ሰዓት ስለ ሥራ አይወራ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የቴሌግራም ቡድኑ ለጸጥታ ጉዳይ ብቻ ይሁን። ይህን የቡድን መሪው ራሱ ቢያውጀው ይከበራል፤ ከታች ካለ ሠራተኛ ከመጣ ግን እንደ ስንፍና ይታያል፤ ስለዚህ መሪውን ለብቻው ማነጋገሩ ይበጃል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከፊልድ የሚመለሱበትን ዑደት በውሉ ያስገቡ

በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት አስቸጋሪ ቦታ ላይ የተመደበ ዓለም አቀፍ ሠራተኛ ከየ4 እስከ 12 ሳምንት አምስት የሥራ ቀን ዕረፍት ከጉዞ ቀናት ጋር ያገኛል። ይህ መብት በአገር ውስጥ የተቀጠሩትን አይጨምርም፤ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችም በአብዛኛው ይህንኑ ይከተላሉ። መነሻ ሐሳቡ የአገር ውስጥ ሠራተኛ ቤቱ እዚያው ነው የሚል ነው። ባሕር ዳር ልጆቹን ትቶ ዶሎ አዶ ለሚሠራ ሰው ይህ እውነት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ጋምቤላ ያለውም ቢሆን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያለው።

ስለዚህ ከተለመደ መኖሪያዎ ውጭ የሚመደቡ ከሆነ ሦስት ነገሮች በቅጥር ደብዳቤው ወይም በአባሪው ይጻፉ፦ በስንት ሳምንት አንዴ ወደ ቤት እንደሚመለሱ፣ የጉዞው ቀን ከፈቃድዎ የሚቀነስ ወይም የማይቀነስ መሆኑ፣ የአውሮፕላን ወይም የመኪና ወጪውን ማን እንደሚችል። የጉዞ ቀን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መመለሻ ከአምስት ቀን ሲቀነስ ግን ከቤተሰብ ጋር የሚውሉት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ይሆናል።

ለጸጥታም ጉዳይ ይጠይቁ፤ አደጋ ሲመጣ ሠራተኞችን ከአካባቢው የማውጫ ዕቅዱ የአገር ውስጥ ሠራተኛን ይጨምራል? ኢንሹራንሱ ከቢሮ ሰዓት ውጭ ይሠራል? የአሠሪ የጥንቃቄ ግዴታ የወረቀት ጌጥ አይደለም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ሠራተኞቹ የታገቱበት የኖርዌይ የስደተኞች ምክር ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. በኦስሎ ፍርድ ቤት በከባድ ቸልተኝነት ተጠያቂ ሆኖ ካሳ እንዲከፍል ተወስኖበታል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ፈቃድዎን በዓመቱ መጀመሪያ ያስይዙ

የሕጉ ዝቅተኛ መጠን ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ሊራዘም አይችልም፣ ሥራ ላይ እያሉም በገንዘብ ሊለወጥ አይገባውም። እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች፤ ለአባት የተሰጠው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ድርጅቱ በመመሪያው የጨመረው ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የእርዳታ ሥራ ወቅት አለው፤ የለጋሽ ሪፖርት የሚቀርብበት ወርና የስርጭት ወራት አስቀድመው ይታወቃሉ። በእነዚያ መካከል ያለውን ጊዜ መርጦ በመስከረም ያስመዘገበ ሰው ይወስዳል፤ «ጋብ ሲል እወስዳለሁ» ያለ ሰው ግን ሰኔ ላይ 14 ቀን ፈቃድ ይዞ ይገኛል። ፈቃድ ላይ ሳሉ ከተጠሩም፣ ሕጉ ጥሪውን አስቀድሞ ሊታወቅ ለማይችል ምክንያት ብቻ ይፈቅደዋል፤ በጥሪው ምክንያት የወጣውን የትራንስፖርትና የውሎ አበል ወጪም አሠሪው ይከፍላል።

ድካሙ ከዕረፍት በኋላም የማይለቅ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ በተረጂዎች ላይ መቆጣትን የሚያመጣ ከሆነ የሕክምና ጉዳይ ነው። የሕመም ፈቃድ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። የሐኪም ማስረጃው የበሽታውን ዝርዝር ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦች ማሳወቅን አይጠይቅም።

ሰባተኛ እርምጃ፦ የውሉን መጨረሻ ቀን ይዘው ይኑሩ

ፕሮጀክቱ ከመዝጊያው ስድስት ወር ሲቀረው የማራዘሚያ ነገር እንዴት እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሦስት ወር ሲቀር ሥራ መፈለግ ይጀምሩ፤ ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ ለብቻው ይቀመጥ። ሰፊ ቤተሰብ «ኤንጂኦ ነው የሚሠራው» ብሎ ከአንድ ደመወዝ ብዙ ስለሚጠብቅ ይህ ቁጠባ ከባድ ነው። የሚረዷቸውን ሰዎች በወር የተወሰነ መጠን መመደብና ከዚያ በላይ ለሚመጣው «ለዚህ ወር አልቋል» ማለት ከመጥፋትና ስልክ ካለማንሳት ይሻላል።

በራስዎ ፈቃድ ሲለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይስጡ። የማስጠንቀቂያ ግዴታ የአሠሪውም ነው፤ እንደ አገልግሎቱ ዘመን ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደርሳል፤ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ሁለት ወር ነው። ውሉ በማለቁ ብቻ የሥራ ስንብት ክፍያ ይኑር አይኑር በሚለው ላይ ድርጅቶች አሠራራቸው ስለሚለያይ፣ ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው እርምጃ ከተነሱት ጋር አብሮ ይቅረብ። የመጨረሻው ሒሳብ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ ክፍያን ጨምሮ፣ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ማስረጃዎን የሥራ መደቡንና የደመወዙን መጠን እንዲገልጽ አድርገው ይቀበሉ፤ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ የሰው ሀብት ሠራተኛዋም ከሄደች በኋላ ማስረጃ ማውጣት አድካሚ ነው።

ይርጋውን፣ ማለትም መብትዎን መጠየቅ የሚችሉበትን የጊዜ ገደብ፣ ያስታውሱ። ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ ደግሞ በሦስት ወር ይታገዳል። «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብረን እንጨርሳለን» ተብሎ ከዓመት በፊት ጀምሮ የተጠራቀመ የእሑድ ሰዓት ካለዎት፣ ከፊሉ በይርጋ ቀሪ ሆኗል፤ የቀረውን ግን ዛሬውኑ በጽሑፍ ለድርጅቱ ያቅርቡ፣ መልሱ ከዘገየም ስድስቱ ወር ሳያልፍ ወደ ፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ።